ግላዲያተር 2፦ አክተር አይሞትም ላልን ልጆች

መጀመሪያ ልበላችሁ፣ ስፖይለር አለው። መጨረሻውን ጨምሮ ሁሉንም ነው የማወራው፣ ያላየ ሰው አይቶ ይመለስ።

ጎንደር ተወልዶ ያደገ የኔ እኩያ ቪዲዮ ቤት ሳይገባ አደገ ቢሉኝ አላምንም። የኛ ሰፈሩ ከአራዳ ወረድ ብሎ ነበር፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ አንድ ክፍል ቤት፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና ዴክ፣ በሩ ላይ ደሞ ካርቶን ላይ በፓርከር የተፃፈ የፊልም ስም። 50 ሳንቲም ከፍለህ ትገባለህ፣ ሁለት ፊልም ከሆነ አንድ ብር። እዛ ቤት ውስጥ ማንም ያልፃፈው ግን ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሕግ ነበር፣ አክተር አይሞትም። መቶ ሰው ቢተኩስበት አይሞትም፣ ከገደል ቢወረወር አይሞትም፣ ቦሱ ነው የሚሞተው፣ አክተሩ ቆስሎም ቢሆን ይነሳና ፊልሙ ያልቃል። ለዛ ነው ግላዲያተር የሚባለውን የድሮ ሮም ፊልም (ግላዲያተር ማለት ሕዝብ ፊት በሰይፍ የሚዋጋ ተዋጊ ነው) ያየን ቀን አክተሩ ማክሲመስ አሸዋው ላይ ሲወድቅ ሁላችንም ይነሳል ብለን የጠበቅነው። አልተነሳም። ስሞቹ መውጣት ሲጀምሩ ራሱ ከአግዳሚው የተነሳ ልጅ አልነበረም፣ ያቺ ሴትዮ ደሞ በዛ ድምጿ ትዘፍናለች፣ ቋንቋው ምን እንደሆነ ማንም አላወቀ፣ አንዱ ዓረብኛ ነው ይላል ሌላው ግዕዝ ነው ይላል፣ ብቻ ወንድ ልጅ ሁሉ ፊቱን እያዞረ ዓይኑን ይጠርጋል። (ዘፋኟ ሊሳ ጄራርድ ናት፣ ቋንቋውም የየትም አገር አይደለም፣ ራሷ የፈጠረችው ነው፣ ይሄን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።)

ደሞ የምናየው በትርጉም ነበር። ትርጉም ስል ስቱዲዮ የተቀዳ እንዳይመስላችሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ያኔ ፋሲለደስ ሁለተኛ ደረጃ ይማር ስለነበር እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጮክ ብሎ ይተረጉማል፣ ባለቤቱም ለዚህ ሲል አያስከፍለውም። ሽማግሌው ንጉሥ ማርከስ ኦሬሊየስ ዙፋኑን ለልጁ ለኮሞደስ እንደማይሰጥ ሲነግረውና ልጁ አባቱን አቅፎ አፍኖ ሲገድለው፣ አያ (ታላቅ ወንድሜን እንደዛ ነው የምንለው) ትርጉሙን አቆመና "ይሄ ርጉም ተክለሃይማኖት ነው" አለ። በቃ። ለጎንደር ልጅ ከዚህ በላይ ትርጉም አያስፈልገውም። አድያም ሰገድ ኢያሱ በልጃቸው በተክለሃይማኖት ዘመን መገደላቸውን፣ ልጁም ርጉም የሚል ቅጥያ ተለጥፎበት መቅረቱን ግንቡ ስር ያደገ ልጅ ከአያቱ ሰምቶታል። ከዛ ቀን ጀምሮ ያ ፊልም ለኔ የፈረንጅ ፊልም ሆኖ አያውቅም።

እንግዲህ ሁለተኛው ክፍል ወጣ ሲባል እንዴት እንደሆንኩ ገምቱት። ከ24 ዓመት በኋላ ነው የመጣው፣ የመጀመሪያው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2000 ላይ ነው የወጣው፣ ይሄኛው 2024 ላይ፣ በኛ ኅዳር 2017። ዳይሬክተሩ ያው ራሱ ሪድሊ ስኮት ነው፣ ሲወጣ የ86 ዓመት ሰው ነበር፣ በዛ ዕድሜ ይሄን የሚያህል ሠራዊት ማዘዝ መቻሉን ሳስበው ከልቤ አከብረዋለሁ። አንድ ልጅ ገና በሳምንቱ ከሲኒማ በካሜራ የተቀዳ ኮፒ በፍላሽ ይዞልኝ መጥቶ ነበር፣ አልነካውም አልኩት፣ ይሄንን ፊልም የሰው ጭንቅላት እያቋረጠበት አላየውም። ክሊር ኮፒ እስኪመጣ ጠበቅኩ፣ ከዛ ፒያሳ አካባቢ ኳስ የሚያሳይ አንድ ቤት በፕሮጀክተር ሊያሳየው እንደሆነ ስሰማ አያን ከአዘዞ ጠራሁት። ብቻዬን ላየው አልፈለግኩም።

ስለ ቤቱ ባጭሩ፣ ያኔ መግቢያው 50 ብር ነበር፣ ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ ድምፁ ኳስ ላይ እንደለመድነው ወፍራም ነው፣ ሰብታይትሉ ግን ከንግግሩ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይዘገያል፣ አስተካክሉት ብንልም አልተስተካከለም፣ ለእንዲህ ዓይነት ወሬው ብዙ ለሆነ ፊልም ይሄ ቀላል ጥፋት አይደለም። መብራት አንዴ ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ጠብቀናል፣ ባለቤቱ ግን ትንሽ ወደኋላ መልሶ ነው ያስጀመረው፣ ለዛ አመሰግነዋለሁ።

አሁን ወደ ፊልሙ። አጀማመሩ ደስ ይላል፣ የመጀመሪያው ክፍል ታሪክ በቀለም እንደተሳለ ሥዕል እየተንቀሳቀሰ ያልፋል፣ ከዛ አንድ እጅ እህል ሲዳስስ ይታያል። ያ እጅ የስንዴ ዛላ እየዳሰሰ የሚሄደውን የማክሲመስን እጅ እንደሚያስታውስ ሁሉም ገብቶታል፣ ቤቱ ውስጥ በሙሉ "እእህ" የሚል ድምፅ ሲወጣ ሰማሁ፣ እኔም ሆዴ ባባ። ኑሚዲያ ነን፣ ሰሜን አፍሪካ። ሃኖ የሚባል ሰው ከሚስቱ ጋር ይኖራል፣ ሚስቱ ቀስተኛ ናት። የሮም መርከቦች መጥተው ከተማዋን ከባሕር ይወጓታል፣ የሚመራቸው ጄኔራል አካሲየስ ነው፣ ፔድሮ ፓስካል። ግንብ ላይ ያለችው ሚስት ትሞታለች፣ ባልየው ተማርኮ ባሪያ ይሆናል፣ ማክሪነስ የሚባል ነጋዴ ገዝቶ ሮም ይወስደዋል። ሃኖ ማለት ደሞ ሉሲየስ ነው፣ ያ በመጀመሪያው ፊልም የኮሞደስ እህት የሉሲላ ትንሽ ልጅ።

ጦርነቱ በጣም ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የጀርመኑ ጫካ ውጊያ ጭቃና ጭስ ነበር፣ ይሄኛው ባሕርና ግንብ ነው፣ መርከቦቹ ከግንቡ ጋር ሲላተሙ አግዳሚው ላይ ወደኋላ ነው ያልነው።

ችግሬ የሚጀምረው ከዛ በኋላ ነው። የዚህችን ሚስት ስም ራሱ ከፊልሙ በኋላ ነው ፈልጌ ያወቅኩት፣ አሪሻት ትባላለች። አስር ደቂቃ እንኳ በደንብ ሳናውቃት ሞተች። የማክሲመስ ሚስትና ልጅም እኮ ብዙ አይታዩም፣ እውነት ነው፣ ግን እሱ ይዟቸው ነው የሚዞረው። ከሸክላ ይሁን ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ምስሎቻቸውን በከረጢት ይዞ ማታ ማታ ያወጣቸዋል፣ ስለ ቤቱ ያወራል፣ የቤቱን ድንጋይ ቀለም፣ የጓሮውን ሽታ ይነግርሃል፣ ንጉሡ ቤትህን ንገረኝ ሲለው ስንት ቀን ከቤቱ እንደራቀ በቁጥር የሚያውቅ ሰው ነው። አንተም ከሱ ጋር ቤትህ ይናፍቅሃል። ሉሲየስ ግን ሚስቱን ካጣ በኋላ ቁጣ ብቻ ነው ያለው፣ ቁጣው ደሞ መሃል ላይ አድራሻውን ይቀይራል፣ መጀመሪያ አካሲየስን ልግደል ነው፣ ከዛ እናቱ ትመጣለች፣ ከዛ ሮም ትመጣለች፣ ከዛ የአያቱ የማርከስ ኦሬሊየስ ሕልም ይመጣል፣ እኔ የቱን ይዤ ልከተለው? ሉሲየስን የሆነው ፖል መስካል ጥሩ አክተር ነው፣ ውጊያው ላይ ሰውነቱ ያሳምናል፣ ዓይኑም ያዘነ ዓይን ነው፣ ግን የሚያዝንበትን ነገር በቂ አልሰጡትም። ማክሲመስን የሆነው ራስል ክሮው ዝም ሲል ራሱ ታዝንለት ነበር።

ከዛ ግን ዴንዘል አለ። ዴንዘል ዋሽንግተን ማክሪነስን ሆኖ ሲገባ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከወንበሩ ቀና አለ፣ አያ ጭኔን መታ መታ አደረገኝ። ልብሱን እንዴት እንደሚይዘው ተመልከቱ፣ ያንን ሁሉ ቀለበትና ወርቅ እያንቀሳቀሰ ፈገግ ብሎ ሲያወራ ሰውዬው ደስ እያለው እንደሚሠራ ያስታውቃል። የሮም ሰው ለመምሰል ድምፁን አልቀየረም፣ እንደሁልጊዜው ነው የሚናገረው፣ እኔን ቅንጣት አልረበሸኝም። ማክሪነስ ቀጥታ አይዋጋም፣ ቁማር ያስይዛል፣ ባለዕዳ ያደርግሃል፣ ከዛ ዕዳህን ይዞ ወደ ቤተመንግሥት ያስገባሃል። ሁለቱን ወንድማማች ነገሥታት ጌታንና ካራካላን እንዴት እርስ በርስ እንደሚያባላቸው፣ ካራካላ ወንድሙን እስኪገድል እንዴት እንደሚገፋው፣ ከዛ እሱን ራሱን እንዴት እንደሚያስወግደው፣ ያ ሁሉ ክፍል እንደ መርፌ ነው የሚሄደው። ካራካላ ጦጣውን ቆንሱል (የሮም ከፍተኛ ሹም) አድርጎ ሲሾም ሌላው ሲስቅ አንድ ሽማግሌ ከኋላችን "ዘመነ መሳፍንት" አሉ፣ ልክ ናቸው። ራስ ሚካኤል ስሁል ኢዮአስን አስገድለው ሌላ ሲያነግሡ፣ ያንንም አንስተው ሌላ ሲያስቀምጡ፣ ዙፋኑ ላይ ማን እንደተቀመጠ ሳይሆን ከጀርባው ማን እንደቆመ የሚጠየቅበት ጊዜ በዚሁ ከተማ ነበር፣ ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት። ማክሪነስ የዛ ዓይነት ሰው ነው።

እውነተኛው ማክሪነስም የአፍሪካ ሰው ነበር፣ ዛሬ አልጄሪያ በምንለው አገር ነው የተወለደው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 217 ላይ ካራካላ ሲገደል ነገሠ፣ ከአንድ ዓመት ትንሽ በላይ ቆይቶ እሱም ተገደለ። በፊልሙ ላይ እንዳለው ግን የማርከስ ኦሬሊየስ ባሪያ አልነበረም፣ ያ የፊልሙ ጨዋታ ነው። የሁለቱ ወንድማማቾች አባት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስም ከሊቢያ ከሌፕቲስ ማግና ነበር፣ ይሄን ፊልሙ አይነግርህም፣ ሁለቱን ልጆች በኖራ የተቀባ ግድግዳ አስመስሎ ነው ያመጣቸው፣ ቢነግረን ኖሮ የማክሪነስ ነገር የበለጠ ይጥም ነበር ብዬ አስባለሁ።

አካሲየስንም ወድጄዋለሁ። ጦርነት የሰለቸው ጄኔራል ነው፣ የሉሲላ ባል፣ ነገሥታቱን ሊገለብጥ ያሴረ፣ ተይዞ አሬናው (ግላዲያተሮቹ የሚዋጉበት ሜዳ) ውስጥ ከሉሲየስ ጋር እንዲዋጋ ይደረጋል። እነዛ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ሰይፋቸውን ሲያወርዱ፣ አካሲየስ እጁን ሰጥቶ ሲንበረከክና ከላይ በቀስት ሲደበድቡት፣ ያቺ ቅፅበት ብቻዋን የመጀመሪያውን ፊልም ትመስላለች። አያ ወደኔ ዞሮ "ይሄ ሰውዬ ነበር አክተር መሆን ያለበት" አለኝ። እኔም የዛኑ ሰዓት ያንኑ እያሰብኩ ነበር። አንድ የደከመው ወታደር ቤቱ መግባት የሚፈልግ፣ ሚስቱን የሚወድ፣ ለጌቶቹ መግደል የሰለቸው፣ ይሄ እኮ ማክሲመስ ነው። ፊልሙ መሃል ላይ ገደሉት።

ስለ ውሃው ደሞ ዝም ማለት አልችልም፣ እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። የሮምን ትልቁን አሬና ኮሎሲየሙን በውሃ ሞልተው መርከብ አስገብተው ያዋጋሉ፣ ውሃው ውስጥ ሻርክ አለ። ብዙ ሰው ይሄ ውሸት ነው ሲል ሰምቻለሁ፣ የውሃ ውጊያው ግን ውሸት አይደለም፣ ኮሎሲየሙ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ80 ገደማ በንጉሡ በቲቶ ዘመን ሲመረቅ ውሃ ተሞልቶ የመርከብ ውጊያ እንደታየበት የጥንት ጸሐፊዎች ጽፈውታል። ግን ከዛ በኋላ ከወለሉ ስር ያ ሁሉ ክፍልና መተላለፊያ ተሠራበት፣ ከዛ ወዲያ ውሃ መሙላት የማይቻል ነው፣ ፊልሙ ደሞ ከ100 ዓመት በላይ ዘግይቶ 200 አካባቢ ነው የሚካሄደው። ሻርኩ ከየት እንደመጣ ማንም አልፃፈም።

ታሪክ ማዛባቱን ግን ልተወው፣ ፊልም ነው። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። የፋሲል መዋኛን በጥምቀት ያየ ሰው ድንጋይ ውስጥ ውሃ መሙላት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከቀሃ ወንዝ ውሃው ተመርቶ ቀስ እያለ ቀን በቀን ይሞላል፣ ልጆች ሆነን ስንት ደረሰ እያልን ሄደን እናይ ነበር፣ ግንቡ ላይ የዛፉ ሥር ተጠምጥሟል፣ ውሃው ወደላይ ሲወጣ የግንቡ ጥላ ውሃው ላይ ይተኛል፣ ከዛ የከተራ ማታ፣ ከዛ ጠዋት ካህናቱ ባርከውት ሕዝቡ ሲዘል። ያ ሁሉ ጉጉት ውሃው እስኪሞላ ስለምትጠብቅ ነው። ፊልሙ ላይ ግን በሩ ሲከፈት ውሃው ሞልቶ ይጠብቅሃል፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሲሞላ ቢያሳዩን፣ ግላዲያተሮቹ ታች ታስረው ከላያቸው የውሃ ድምፅ ቢሰሙ፣ ምን ሊያደርጉን ነው ብለው ቢፈሩ፣ እኛም አብረን እንፈራ ነበር። የመጀመሪያው ፊልም እኮ እንደዛ ነበር የሚያደርገው፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት አንዱ ሽንቱን ሲለቅ ያሳይሃል፣ ማክሲመስ ጎንበስ ብሎ አፈር በእጁ ሲያሽ ያሳይሃል። እዚህ ዝንጀሮዎቹ፣ አውራሪሱ፣ ሻርኩ፣ ሁሉም ቸኩለው መጥተው ቸኩለው ይሄዳሉ። ዝንጀሮዎቹማ ኮምፒውተር መሆናቸው በጣም ያስታውቃል፣ ስሜን ተራራ ላይ ጭላዳ ያየን ሰዎች የዝንጀሮ ዓይን ምን እንደሚመስል እናውቃለን፣ እነዚህ ዓይን የላቸውም። አውራሪሱ ግን ይሻላል፣ አቧራው ውስጥ ሲገለጥ ግርማ አለው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ሉሲየስ የማክሲመስ ልጅ ነው ይሉናል።

ገና ትሬለሩ ላይ ጠርጥሬ ነበር፣ በመጀመሪያው ፊልምም ሉሲላና ማክሲመስ ድሮ እንደሚዋደዱ ስለሚታይ ብዙ ሰው ሲጠረጥር እንደኖረ አውቃለሁ። ግን ሰው መጠርጠሩና ፊልሙ አፉን ሞልቶ መናገሩ አንድ አይደለም። ከፊልሙ በኋላ ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን እንደገና ከፈትኩት። ጀርመን ጦር ሰፈር ውስጥ ሉሲላና ማክሲመስ ሲያወሩ ስለ ልጇ ታነሳለች፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እሱም እኔም ስምንት ሊሞላው የደረሰ ልጅ አለኝ ይላታል። እኩዮች ናቸው! በልጅነታችን ይሄ ንግግር ሁለት ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ ነበር የሚመስለው፣ አያም እንደዛ ነው የተረጎመልን። አሁን ግን ሒሳቡን ሥሩት፣ ሉሲየስ የሱ ከሆነ ማክሲመስ ሚስቱ ስፔን እርጉዝ ሆና እያለች ሌላዋ ጋር ነበር ማለት ነው። ያ ምስሎቻቸውን እየሳመ የሚያድር ሰው። ያ ሞቶ እንኳ መጀመሪያ የሄደው ወደነሱ የሆነ ሰው። 24 ዓመት ሙሉ ያለቀስኩለትን ሰው መጥተው ከኋላ ነካኩብኝ፣ ይሄ ነው ስሜቱ።

ሁለተኛው ደሞ ከዚህ ይብሳል። የመጀመሪያው ፊልም ሥሩ ምን ነበር? አንድ ንጉሥ የገዛ ልጁን ትቶ አንድ ገበሬ ወታደርን መምረጡ ነው። ደም አይደለም፣ ሰውየው ነው። ጎንደር ያለን ልጆች ማክሲመስን እንደዛ የወደድነው ለዚህ ነው፣ እኛ ካሳን እየሰማን ነው ያደግነው፣ የኮሶ ሻጭ ልጅ ብለው የናቁት የቋራው ካሳ በክንዱ ተነስቶ 1847 ዓ.ም. ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፣ ማክሲመስ ሲነሳ እኛ ካሳን ነው ያየነው። ትንሹ ሉሲየስም በመጀመሪያው ፊልም ላይ የሚያምረው ለዚህ ነበር፣ የቤተመንግሥት ልጅ ነው ግን ከአጎቱ ከንጉሡ ይልቅ አንድ ባሪያ ይወዳል፣ ምንም ሳይሆነው፣ ዝም ብሎ ጀግና ስለሆነ ብቻ። አሁን አባቱ ስለሆነ ነው ሆነ ነገሩ። ሉሲየስ የሮም ተስፋ የሆነው የማርከስ ኦሬሊየስ የልጅ ልጅና የማክሲመስ ልጅ ስለሆነ ነው፣ በሁለት በኩል ደም ሞልተውበታል። የመጀመሪያው ፊልም የናደውን ግንብ ሁለተኛው መልሶ ካበው።

አያ በዚህ አልተስማማኝም። ከቤቱ ወጥተን በፒያሳ በኩል ስንመጣ ብዙ ተከራከርን፣ "ልጅ አባቱን መፈለጉ ምን ያስከፋሃል?" አለኝ። እሱ የወደደው ያንን ነው፣ መጨረሻ ላይ ሉሲየስ ባዶው ኮሎሲየም ውስጥ አሸዋ ዘግኖ አባቱን አናግረኝ የሚለውን። አባታችን ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አያ ያን ቦታ ሲያይ ዝም ማለቱን አይቻለሁ። እኔም ያ ቦታ ላይ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም፣ የድሮው ዜማም ሲመለስ ማን ይችላል? አዲሱን ሙዚቃ የሠራው ሃሪ ግሬግሰን ዊሊያምስ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ልቤን የነካኝ ቦታ ሁሉ የሃንስ ዚመርና የሊሳ ጄራርድ ዜማ የተመለሰበት ቦታ ነው። ያለቀስኩት ለማን እንደሆነ ቤት ከገባሁ በኋላ ራሴን ጠየቅኩ፣ ለሉሲየስ አልነበረም። ፊልሙ እያንዳንዱን ትልቅ ቦታ ላይ ከድሮው ተበድሮ ነው የሚያስለቅስህ፣ ጥሩሩ የማክሲመስ፣ ሰይፉ የማክሲመስ፣ ዜማው የማክሲመስ።

የመጨረሻው ውጊያም አልጣመኝም። ሁለት ሠራዊት ከሮም ውጭ ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል፣ መሃላቸው ወንዝ አለ፣ ሉሲየስና ማክሪነስ ወንዙ ውስጥ ይዋጋሉ። ይሄን ሁሉ በአንደበቱና በገንዘቡ ሲያሸንፍ የነበረ ሰውዬ በሰይፍ ሊያልቅ ነው? ዴንዘልን ያህል ሰው ይዘህ መጨረሻውን ንግግር አታደርገውም እንዴ? ማክሪነስ ይሞታል፣ ሉሲየስ ሁለቱን ሠራዊት በንግግር ያስታርቃል፣ በቃ አለቀ። አክተር አይሞትም። ቪዲዮ ቤት እያለን የምንፈልገው እንደዛ ነበር፣ ግላዲያተር ግን አክተሩን ገድሎ ነው 24 ዓመት ልባችን ውስጥ የቆየው። ስንወጣ ደሞ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቦሱ ነው፣ ስለ አክተሩ አንድ ቃል የሰማሁት የለም።

ሽልማቱም ይሄንኑ ይናገራል፣ የመጀመሪያው 12 የኦስካር እጩነት አግኝቶ 5 ወሰደ፣ ምርጥ ፊልምና የራስል ክሮው ምርጥ አክተር ጭምር። ይሄኛው አንድ እጩነት ነው ያገኘው፣ በልብስ። ለዴንዘል አንድ እንኳ አለመስጠታቸው ግን ትክክል አይመስለኝም።

እና ይታይ ወይ? ይታይ። ለዴንዘል ሲባል ብቻ ይታይ፣ ለአካሲየስ ይታይ፣ ለመጀመሪያው የባሕር ጦርነት ይታይ። በስልክ ግን አትዩት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ምንም የማይቀረው ፊልም ነው፣ በትልቅ ስክሪንና በጥሩ ድምፅ ካልሆነ ጥሩ ጥሩው ነገር ራሱ ያመልጣችኋል። የመጀመሪያውን ያላየ ታናሽ ወንድም ወይ ልጅ ካላችሁ በዚህ አታስጀምሩት፣ የመጀመሪያውን አሳዩት፣ ጥቂት ቀን ይቆይ፣ ከዛ ይሄን። ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከ5 ሦስት፣ አያ አራት ብሏል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ጁባ። ጁባን ታስታውሳላችሁ፣ የማክሲመስ ጓደኛ፣ ያ ጥቁሩ ግላዲያተር፣ የቤኒኑ ተወላጅ ጃይመን ሁንሱ። በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ ምስሎቹን ማክሲመስ በወደቀበት አሸዋ ውስጥ የቀበረው፣ እንገናኛለን ግን ገና ነው ብሎት ነፃ ወጥቶ አገሩ የሄደው። አገሩ የት ነበር? ኑሚዲያ! ሁለተኛው ፊልም ደሞ የሚጀምረው የት ነው? ኑሚዲያ! ሉሲየስ ሸሽቶ ያደገው ጁባ በተመለሰበት አገር ነው፣ ግን ጁባ የለም፣ ስሙም አይነሳም፣ ጁባርታ የሚባል አንድ መሪ አለ፣ ስሙን ስሰማ እሱ ነው ብዬ ብድግ ልል ነበር፣ አይደለም። እስቲ አስቡት፣ ያ ልጅ ኑሚዲያ ሲደርስ ጁባ ቢያገኘው፣ ቢያሳድገው፣ ማክሲመስ ማን እንደነበር ማታ ማታ እሳት ዳር ቢነግረው፣ ከዛ ሮማውያን ሲመጡ ከተማዋ ግንብ ላይ የሚሞተው ጁባ ቢሆን። ያኔ ልጁ የማክሲመስ ደም ባይኖረውም የማክሲመስ ልጅ ይሆን ነበር፣ ቁጣውም ይገባን ነበር፣ እኔም ሦስት ሳይሆን አምስት እሰጥ ነበር። ይሄን ለአያ ስነግረው መንገድ መሃል ቆመና "እንደሱ ብዬ በተረጎምኩት ነበር" አለኝ። ሪድሊ ስኮት ሦስተኛ ክፍል የመሥራት ሐሳብ እንዳለው ተናግሯል፣ ከሠራ ጁባን ይመልስልን፣ ሸምግሎም ቢሆን።